አፍንጫቸውን ያዋሱኝ እናት

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። መቱ በነበረው ክሊኒክ በድሬሰርነት ከተቀጠርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ቢሆነውም በአገሩ የተማረ ሐኪም ማግኘት ዘበት ስለነበር፣ ቁስል አጥቦ የሚያስርና መርፌ የሚወጋ ሁሉ "ሐኪም" ይባላል። እኔም ሐኪም ነበርኩ። ከጎሬ እስከ ቡሬ የሚያውቀኝ ሰው ሲያገኘኝ ከበቅሎው ወርዶ ሰላም ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ከሙያዬ ሁሉ የምኮራው በአፍንጫዬ ነው። ቁስል ሳይፈታ፣ ገና በሽተኛው ደጃፉን ሲያልፍ፣ "ይሄ መግል ነው፣ ይድናል" ወይም "ይሄኛው ሥጋው እየሞተ ነው፣ ቶሎ በሉ" እል ነበር። ተሳስቼ አላውቅም። የክሊኒኩ ኃላፊ ጋሼ ጥላሁን እንኳ የሚያጠራጥር ቁስል ሲገጥማቸው ያስጠሩኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በበጋው ማለቂያ ከተማውን ኃይለኛ ጉንፋን ያዘው። እኔም አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ስነሳ ምንም አይሸተኝም። ጉንፋን ነው፣ ይለቃል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ወር ሲሞላ አንድ ቀን ጧት የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ባለቤቴን ወይንሸትን "ምን ተቃጠለ?" አልኳት። ምድጃው ገና አልተለኮሰም ነበር። ደጅ ወጣሁ፣ እዚያም አለ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ተከትሎኝ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧትም ማታም የተቃጠለ ፀጉር ይሸተኛል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እውነተኛ ሽታዎች መመለስ ሲጀምሩ ተበላሽተው መጡ። ሽንኩርት ሲቁላላ እንደ ላምባ ይሸተኛል። ቡና ሲቆላ ከቤት ሸሽቼ እወጣለሁ፤ ያ ሁሉ ቡና በሚበቅልበት አገር ወዴት እንደሚሸሽ እግዜር ያውቃል። ሥጋ ሁሉ፣ የፍየልም ሆነ የሰው፣ የበሰበሰ ነው። ወይንሸት የሠራችውን ወጥ ሳልነካው ስነሳ በመጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ በኋላ ጠበል እንድሄድ ለመነችኝ። ልብሴ እየሰፋኝ መጣ።

በሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ብቻ ገመናዬ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ከቡሬ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ክንዱን ብረት ቆርጦት መጣና፣ ቁስሉን ሳሸት የበሰበሰ ሸተተኝ። "ይህ ክንድ አደጋ ላይ ነው" አልኩት። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። ጋሼ ጥላሁን ፈትተው ሲያዩ ንጹሕ ቁስል ነው፤ ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ብልሃት ፈጠርኩ። ቁስል ስፈታ ቁስሉን ትቼ አስታማሚውን አያለሁ። አስታማሚው ፊቱን ካጨማደደ ይሸታል፣ ካላጨማደደ ደህና ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ያህል ኖርኩ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር፣ አንድ ማክሰኞ ከዳሪሙ በኩል ረጋሳ የሚባል ገበሬ በቅሎ እየሳበ መጣ። ወንድሙ ኢተፋ ከዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ወድቆ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ጭኑን ወግቶታል። አምስት ቀን ሆኖታል። ጋሼ ጥላሁን ሣጥኔን አዘጋጅቼ እንድሄድ አዘዙኝ። "ቁስሉን አይተህ ወስን" አሉኝ። "የሚበሰብስ ከሆነ በቃሬዛ ይዘኸው ና። ካልሆነ ግን ወንዙ ሞልቷልና በሽተኛ እንዳታሻግር።"

ገባ ወንዝን የተሻገርነው ረፋዱ ላይ ነው። ውሃው ለበቅሎዋ እስከ ሆዷ ደርሷል፤ ረጋሳ ሣጥኑን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ እኔ የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ወጣን። ረጋሳ ወደ ኋላ ዞሮ ውሃውን አየና፣ "ነገ ይህን ያህልም አያሻግርም" አለ። በቅሎዋንም እየሳበ ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ስለ ወንዙ አሰብኩ። የቆሰለ ሰው አራት ሰው ተሸክሞት በዚያ ውሃ ሲገባ ይታየኝ ነበር።

ቤቱ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። እናቱ አዴ ዲንቂቱ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፤ ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ናቸው። በቅቤ ንግድ የታወቁ መሆናቸውን በመንገድ ላይ ረጋሳ ነግሮኛል። እኔ ጎሬ ተወልጄ ስላደግሁ ኦሮምኛ እንደ አማርኛ ነው የምናገረው፤ ከእርሳቸው ጋር የተነጋገርነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፣ "አዴ" የምላቸውም "እማማ" ለማለት ነው።

ኢተፋ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ በትኩሳት የቀላ ሰው ነው። ጭኑ አብጧል። ከጉልበቱ በላይ በውጭ በኩል ያለውን ቁስል በተወቀጠ ቅጠል ሞልተውት፣ ቅጠሉ ቆዳውን አጥቁሮታል። ቀለሙን አይቶ ሕያው ሥጋና የሞተ ሥጋን መለየት አይቻልም። አጠብኩት። አፉ ቀላ ያለ፣ ደህና የሚመስል ቁስል ወጣ። ታዲያ ይህ ትኩሳት ከየት መጣ? እብጠቱን በጣቴ ተጫንኩት። ቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ የሚሞት ሥጋ ምልክት፣ ያለ መሰለኝ፣ መልሼ ስጫን የለም።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። የተቃጠለ ፀጉርና የበሰበሰ ሥጋ። ግን በመንገድ ላይ ረጋሳ ያቀረበልኝ ሥጋም እንደዚያው ነበር የሸተተኝ።

እንደ ልማዴ ዘወር ብዬ የሰዎቹን ፊት አየሁ። ሚስቱ፣ ረጋሳ፣ ሁለት ጎረቤቶች። አንዱም ፊቱን አላጨማደደም። ተስፋ ሊሰጠኝ ይገባ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚህ አገር በበሽተኛ ፊት አፍንጫ መያዝ ነውር ነው። ሰውዬው ቢበሰብስ እንኳ እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን አይለውጡም።

"ይሸታል?" አልኩት ረጋሳን ቀስ ብዬ።

"ኧረ ምንም አይሸትም፣ ሐኪም" አለ፣ ወንድሙን እያየ።

ሁለት መንገድ ነበር። ሥጋው እየሞተ ከሆነ ዛሬውኑ ካልተነሣን ሰውዬው አይተርፍም። እየሞተ ካልሆነ ደግሞ በዚያ ወንዝ ማሻገር እኔ ራሴ መግደሌ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዴ አሽትቼ የምወስነው ነገር ነበር። "ውሃ ይፍላ" ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ውሃው ግን ቀድሞም እየፈላ ነበር።

አዴ ዲንቂቱ ተከትለውኝ ወጡ። ከቤቱ ጀርባ ከእንሰቱ አጠገብ ቆምን።

"ልጄ ይሞታል?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አዴ።"

"ከመቱ ድረስ የመጣኸው ልታውቅ አይደለም?"

"ክፉ ነው፣ እንውሰደው" ብዬ ኃላፊነቱን በወንዙ ላይ መጣል እችል ነበር። "ደህና ነው" ብዬ መርፌ ወግቼ መሄድም እችል ነበር። ሁለቱንም አሰብኩ፤ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል። ብቻ ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ።

"አንድ ነገር ልንገርዎት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም" አልኳቸው። "አፍንጫዬ ታሟል። ንጹሑም የበሰበሰ ይሸተኛል። የልጅዎ ቁስል ይሽተት አይሽተት መለየት አልቻልኩም።"

ይጮሃሉ፣ ወይም ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን፣ "ከታመምክ በኋላ ነው?" አሉኝ።

"አዎ። ከጉንፋን በኋላ።"

"ምን ምን ይሸትሃል?"

"የተቃጠለ ፀጉር። ሁልጊዜ።"

"ውሃስ?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ውሃ አይሸተኝም" አልኩ።

"እንኳን ደስ ያለህ። እኔን ውሃውም ይሸተኝ ነበር" አሉ።

ታሪካቸውንም ነገሩኝ። በጣሊያን ጊዜ ተስቦ ይዟቸው ከሞት ሲተርፉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓለም ሁሉ ለእርሳቸው የእርጥብ ዓመድ ሽታ ነበር። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ቅቤ ደግሞ በአፍንጫ ነው የሚገዛው። ሰው "ቡዳ በልቷታል" ሲላቸው ታላቅ እህታቸው ገበያ አብራቸው እየሄደች፣ ቅቤውን ለእርሳቸው እያሸተተች፣ በእግሯ እግራቸውን ነካ እያደረገች ትነግራቸው ነበር። አንዴ ከነካች ደህና፣ ሁለቴ ከነካች የከረመ።

"እህቴ አፍንጫዋን አዋሰችኝ" አሉ። "ና፣ እኔም አውስሃለሁ። ምን እንደምትፈልግ ብቻ ንገረኝ።"

በዚያው ቆመን አስረዳኋቸው። የመግል ሽታ ከባድ ነው፣ ያቅለሸልሻል፤ የሚሞት ሥጋ ግን ውስጡ ጣፋጭ ነገር አለበት፣ ከልክ በላይ በስሎ እንደ ፈረጠ ፍሬ። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ሰዎቹን፣ "ውጡ፣ አየሩን ሞላችሁት" ብለው አስወጡ። ምድጃው ላይ ያለውንም እሳት ጫር አድርገው ወደ ደጅ አወጡት። ልጃቸው አጠገብ ተንበረከኩ።

"ይቅር በለኝ ልጄ፣ ላሸትህ ነው" አሉት።

ኢተፋ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ፈገግ አለ። "ሕፃን ሆኜም ስታሸቺኝ ነበር" አላቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የቁስሉን አፍ አሸተቱ። "ይህ የቅጠሉ ነው። ይህ ደም ነው፣ አዲስ ደም" አሉ። ተነሥተው ደጅ ወጡ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ንጹሕ አየር ስበው ተመለሱ። ገበያ ላይም እንዲህ እንደሚያደርጉ በኋላ ነገሩኝ። አሁን ወደ ጉልበቱ ወረዱ፣ ምንም። ወደ ላይ ወጡ፣ ምንም። እግሩን በቀስታ አዙረን የጭኑን ሥር ሲያሸቱ ቆሙ። ተመልሰው ደጅ ወጡ። እንደገና መጥተው እዚያው ቦታ ቆሙ፣ ጣታቸውንም አሳረፉበት። ቁስሉ ካለበት አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፤ ቆዳው ያልተነካ ነው።

"እዚህ" አሉ።

"ምን ይሸታል?"

"ውሃ ገብቶበት ቅል ሥር የከረመ ቅቤ።"

"ጣፋጭ ነገር አለበት?"

አንድ ጊዜ ደግመው አሸተቱና ዓይናቸውን ገለጡ። "የለበትም። ያቅለሸልሻል እንጂ አይጣፍጥም። ይማሉ ብትለኝ በማርያም እምላለሁ።"

ስለዚህ መግል ነው፤ ሥጋው አልሞተም፣ ግን ከሥር የተደበቀ ነገር አለ። ወንዙን መሻገር አያስፈልግም፣ መቅደድ ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን እያለ ማለቅ ስላለበት ኢተፋን በአልጋው ተሸክመን ደጃፉ ላይ አወጣነው። ማደንዘዣ ወጋሁ። ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ በአዮዲን ቀብቼ ምላጩን አሳረፍኩ። ቆዳውን አለፍኩ፣ ከሥሩ ያለውን አለፍኩ፣ ምንም የለም። ረጋሳ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ትንሽ ጠለቅ አደረግሁ።

መግሉ ፈነዳ። አንድ ጣሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሲያባራ በጉጠቴ ውስጡን ፈለግሁ፣ አንድ ደረቅ ነገር ያዝኩ፤ ቀስ ብዬ ስስበው ትንሿን ጣቴን የሚያህል የእንጨት ስንጣሪ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ከሱሪው የተቀደደ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ቅርንጫፉ በአንድ በኩል ገብቶ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ኖሯል። ቁስሉን ከላይ ብቻ አስሬ ብሄድ በሳምንቱ ይሞት ነበር። በወንዝ ላሻግረው ብል ደግሞ፣ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሦስት ቀን ማንንም አላሻገረም።

ፔኒሲሊን ወጋሁት። በሁለተኛው ቀን ጧት ትኩሳቱ ለቀቀው። ራበኝ አለ። ሚስቱ ገንፎ እየሰጠችው ስታለቅስ፣ እርሱ "ቅቤ ጨምሪበት" ይላታል።

ወንዙ እስኪጎድል ሦስት ቀን እዚያ ቆየሁ፣ ለእኔም ሕክምናዬ ያን ጊዜ ተጀመረ። አዴ ዲንቂቱ በየጧቱ አራት ነገር ያመጡልኛል፤ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብልና የሎሚ ቅጠል። አንድ በአንድ፣ በባዶ ሆዴ።

"ምን ይሸትሃል?" ይሉኛል ኮረሪማውን ሰጥተው።

"የተቃጠለ ፀጉር።"

"እርሱን ተወው። ኮረሪማ ድሮ እንዴት ነበር የሚሸተው? አስብና ንገረኝ።"

እያሸተትኩ እናገራለሁ። የእናቴ በርበሬ ሲደለዝ፣ የጎሬ ገበያ፣ የመጣልኝን ሁሉ። "እንዲህ በየቀኑ ጥራው" አሉኝ። "የጠፋ ከብት የሚመለሰው የሚያውቀውን ድምፅ ሲሰማ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ወጣት ነህ።" ትኩስ ምግብ ትቼ የቀዘቀዘ እንድበላ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው፤ የቀዘቀዘ ምግብ ብዙ አይሸትም። እዚያ ቤት የቀዘቀዘ ጎደሬ በእርጎ በላሁ። በሦስት ወር ውስጥ ሳላቅማማ የጨረስኩት የመጀመሪያው ምግብ ነው።

መቱ ስመለስ ቀጥታ ጋሼ ጥላሁን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አፍንጫዬም፣ ስለ ሾፌሩም፣ የሰው ፊት እያየሁ ስለ መሥራቴም። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ነበር። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ እኔ ቀረቡ።

"እኔ በቀኝ ጆሮዬ አልሰማም" አሉ። "ስምንት ዓመት ሆነኝ። በሽተኛውን ሁሉ በግራዬ የማስቀምጠው ለምን ይመስልሃል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ደረት አዳምጥላቸዋለሁ፣ እርሳቸው ቁስል ያሸቱልኛል። ወይንሸትም ነገሩ በሽታ እንጂ ወጧን መናቅ አለመሆኑን ስትሰማ፣ ከእኔ ጋር ቀዝቃዛ መብላት ጀመረች፤ ብቻህን አትብላ ብላ። ጧት ጧት አራቱን ነገሮች ዓይኔን አስጨፍና የምታቀርብልኝ እርሷ ነበረች። ስሳሳት ትስቃለች።

መዳኔ ቀስ በቀስ ነበር። በስድስተኛው ወር አንድ ጧት ኮረሪማው ኮረሪማ ሸተተኝ፤ ከሩቅ፣ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ያህል፣ ደግሞም ወዲያው ጠፋ። ወይንሸትን አቅፌ ብዙ ቆየሁ። ቀጥሎ የሎሚው ቅጠል መጣ። ቡና እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልኝም፤ ትንሽ የላምባ ነገር አለበት፣ ለምጄዋለሁ። ሲደክመኝ የተቃጠለው ፀጉር አሁንም ይመጣል። ያኔ ቁጭ እላለሁ፣ ያርፍልኛል።

አዴ ዲንቂቱ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ረጋሳ ሰው ልኮብኝ ለቅሶ ደረስኩ። ኢተፋ ትንሽ እያነከሰ መጥቶ አቀፈኝ።

አንባቢዬ፣ ይህን የምጽፍልህ ስለ አፍንጫዬ እንድታዝንልኝ አይደለም። እኔ ዕድለኛ ሰው ነኝ። በሽታዬን ደብቄ ሰው ልገድል የደረስኩበት ቀን፣ ያን በሽታ አልፋ የወጣች ሴት ፊት ለፊት አቆመኝ። ስንት ሰው በዚህ አገር የሌለ ሽታ እየሸተተው፣ ዛር ነው ቡዳ ነው እየተባለ፣ አብዷል እንዳይባል አፉን ዘግቶ እንደሚኖር አላውቅም። አንተም ከእነርሱ አንዱ ከሆንክ፣ እብደት አይደለም። ለአንድ ሰው ንገር።

ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ አዳዲስ ድሬሰሮችን ማስተማር ሆኗል ሥራዬ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቁስል አላስተምራቸውም። "የማትችሉት ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሁሉም ጎንበስ ይላል፣ ማንም አይመልስም። ያኔ እኔ የራሴን እነግራቸዋለሁ፤ ነግሬም እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል። እስካሁን ግን አንድ ሰው ሳይናገር ትምህርቱ የተጀመረበት ዓመት የለም።